መቶ አሥራ አራት ደረጃ

ቫልፓራይሶ ላይ፣ በክረምቱ ጠዋት፣
ድንጋዩ ያልበዋል ጭጋግ ሲወጣበት።
ሰማንያኛው ደረጃ እግሬን ድንገት ከዳት።
ከእኔ ቀድሞ ወርዶ የቦርሳዬ ጓዝ፣
የውሃ ሒሳቡ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣
የሙሽራ ፎቶ፣ የባንክ ማስጠንቀቂያ፣
ዳገቱን ሞሉት እንደ እርግብ ገበያ።
ሃያ ሁለት ዓመት ደብዳቤ ያደልኩ፣
ቴምብር ሳይለጥፉ በቃሬዛ ተላክኩ።

ሐኪሟ ራጁን ወደ መስኮት አይታ፣
«ቅልጥምሽ» አለችኝ፣ «ተሰብሯል ሁለት ቦታ።
ሦስት ወር ደረጃ አይነካሽም» ስትል፣
ሣቄ አመለጠኝ ከሕመሜ መሀል።
ቤቴ እኮ ከመንገድ መቶ አሥራ አራት ነው፤
ደረጃ ያልነካ እዚያ ማን ሊደርሰው?
ዳገት ወጪው ባቡር፣ ሽቦው ተበጥሶ፣
ሁለት ዓመቱ ነው፣ ቆሟል ዝገት ለብሶ።
ሁለት እሳት አጥፊዎች በወንበር አነሡኝ፣
እንደ አዲስ ቁም ሣጥን ሳሎን አስቀመጡኝ።

ከዚያ ወዲያማ ጊዜም እግር አጣ።
በመስኮት የገባች ጀምበር እስክትወጣ
የጣሪያውን ስንጥቅ ቆጥሬ ጨረስኩት፤
አንዱን ወንዝ ብዬ ስም አወጣሁለት።
ሌሊት ይበላኛል ከጀሶው በታች፤
የሹራብ መርፌዬ አዲስ ሥራ አገኘች።
ሻይ ለማፍላት እንኳ ስንት መላ አለው!
ሁለት ክራንች ይዤ ስኒ በምን ልያዘው?
ፔርሙዙን በገመድ ከአንገቴ አሰርኩት፣
እንደ በቅሎ ቃጭል ቤቱን ዞርኩበት።

የመጣው ሰው ሁሉ መድኃኒት ያውቃል፦
«የዓሣ ራስ ቀቅይ፣ አጥንት ይጠግናል።»
የእኅቴ ልጅ ብቻ ምክር ስለሌላት፣
ጀሶው ላይ መርከብ ሣለች፣ ጭስ የሚወጣላት።

በእኔ የተተካው፣ ዬርኮ የሚሉት፣
እግሩ ፈጣን ሆኖ በሩ ጠፋበት።
ከመስኮት እጮኻለሁ፦ «ደወሉ አይሠራም!
መዝጊያውን በጠጠር! ማንኳኳት አትሰማም!
ጃንጥላህን እጠፍ፣ ውሻው ይፈራዋል!»
ዬርኮ እጁን አንሥቶ አልፎ ይሄዳል።

ከታች፣ ሰማያዊው በር፣ ዶን ኤላዲዮ አለ፤
መርከብ ላይ ያረጀ፣ ብቻውን የዋለ።
ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ በር ሳልፍ፣
«ዛሬስ የለም?» ይላል፤ «የለም» እላለሁ፣ እርፍ።
ቀልድ ነበር ለእኔ። ሁለታችንም ስቀን፣
እኔ መንገዴን፣ እሱም ዘግቶ በሩን።

አሁን ዳቦ ገዝቶ፣ በሰማንያ ዓመቱ፣
ከመስኮቴ ሥር ሲደርስ ያልቃል ጉልበቱ።
ቅርጫት በገመድ አወርድለታለሁ፤
ትንፋሹ እስኪመለስ ገመዱን ይዣለሁ።
ደግሞ ቀና ብሎ «ዛሬስ የለም?» ይላል።
«የለም» የሚለው ቃል ጉሮሮዬን ይሞላል።

አንድ ሌሊት ተነሣሁ፣ ወረቀት ፈለግሁ።
ስንት ሺህ ደብዳቤ ትከሻዬን ፍቆ
አንድ አልጻፍኩም ለካ! እጄ ተጨንቆ
«ውድ ጎረቤቴ» ብዬ ሦስቴ ሰረዝኩት፤
አራተኛው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፦
«በርህ ጋ ስደርስ ቦርሳዬ ይቀላል።
ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶኛል።
ሌላ ወሬ የለም። ዳቦው ጨው ይበዛል።»
ቴምብር ስላልነበረኝ መርከብ ሣልኩበት፤
በማግስቱ ቅርጫቱ ባዶ አልወረደለት።

«ዛሬስ የለም?» አለ፣ ቀናም ሳይል እንኳ።
«አለ» አልኩት።
ቆመ። እጁን በሱሪው ጠረገ።
መነጽሩን ፈለገ።
እዚያው አላነበበም፤ ኪሱ ውስጥ ከተተው፤
ሲወርድ በአንድ እጁ ደረቱን ይዞት ነው።

ጀሶውን በመጋዝ ሰንጥቀው ሲያወጡት፣
ከነጩ ቅርፊት ውስጥ ብቅ አለች ጫጩት፤
የከሳች፣ ያላባት፣ ቆዳዋ የተላጠ።
«እግሬ ነሽ?» አልኳት፤ ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ።
ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ እንደሚሄድ
ሰምቻለሁ፤ ግን ማንም አልነገረኝም
መጀመሪያ ስንቴ ጓዳ ውስጥ እንደሚወድቅ።

ዛሬ በሩን ከፈትኩ። ጭጋጉ ገለል ብሏል።
ከወደብ የመርከብ ጥሩምባ ይሰማል።
አንድ እጄ ክራንች ላይ፣ አንዱ ግድግዳ ላይ፤
መጀመሪያ ክራንቿ፣ ቀጥላ በሽተኛዋ፣
ከዚያ ጤነኛዋ።
አሥራ አንድ ደረጃ ወረድኩ።
ከታች ሰማያዊው በር ገርበብ ብሎ ይታያል።
መቶ ሦስት ይቀራል።
ተመለስኩ። ሲወጡት ደግሞ
አሥራ አንዱ ሃያ ነው።